የተረፈ ሒሳብ

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ግጥም አላውቅበት፤
ደረሰኝ ነው የኔ፣ ቁጥር የሞላበት።
«ተናገሪ» ቢሉኝ ላሊ ባይ ስታልፍ፣
መዝገቤን ይዤ ቆምኩ፣ ቃሉ ጠፍቶኝ ከአፍ።

ከዚህ ወዲያ ቤቱ አይመታልኝም፤ ይቅርታ።

የማንጋሎር ክረምት ጣራውን ሲደልቅ
በቅድስት ጌርትሩድ በር በኩል ትመጣለች፤
ጃንጥላዋ አንድ ዘንግ የጎደለው፣
ሳሪዋ እስከ ጉልበቷ የራሰ፣
በብብቷ የስማችን ዝርዝር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ።
እሷ ትበሰብሳለች፣ እኛ አንረጥብም።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ወንበር አለ።
የአንዱ እግር የላላ ነው።
የትኛው እንደሆነ የምታውቅ እሷ ብቻ፤
ማንም እንዳይወድቅ ቀድማ ትቀመጥበታለች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመራችን
በሦስት እግር ላይ ሚዛኗን ጠብቃ ነው።

አንድ እሑድ ክሎቲልዳ ሳልዳኛ ተነሣች፣ የሐኪሙ ሚስት፤
መነጽሯን አስተካክላ ደንቡን አነበበች፦
«አንቀጽ ሦስት። አባል የምትሆነው
ትምህርቷን በዚህ ቤት የጨረሰች ናት።»
ጸጥ። የጣራው ማራገቢያ ብቻ ይንቋቋል።
ሁላችንም እናውቃለን፦
ላሊ ባይ ከዘጠነኛ ክፍል፣ ገና ዓመቱ ሳይጋመስ፣
አባቷ አልጋ ሲይዝ ወጥታ
ሸክላ ፋብሪካ ገባች፤
የሌላውን ሰው ጣራ አንድ፣ ሁለት ብላ ቆጠረች።
ምናልባት ይህንንም፣ ከላያችን ያለውን።

ብድግ አለች። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።
«የጨረሱትማ ጨርሰው ሄዱ፣ እህቴ፤
እኔ ገና ስላልጨረስኩ ነው ያለሁት።»
ሳቁ ዝናቡን ዋጠው።
ደንቡ ይሻሻል ሲባል
ከሁሉ በፊት እጇን ያወጣች ክሎቲልዳ ነበረች።

አሁን ወደ ሒሳቡ።
ማኅበር ያለበት ቦታ ገንዘብ ይጎድላል፤ ወጉ ነው።
እኛ ጋ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ይተርፋል!
በየዓመቱ መዝጊያ ሌሊቱን ስደምር፣ ስቀንስ፣
ጣቴን በምራቄ እያራስኩ ገጽ ስገልጥ፣
አንዴ አርባ ሩፒ፣
አንዴ መቶ አሥር፣
አንዴ ሰባት ከግማሽ።
ደረሰኝ የሌለው፣ ባለቤት የሌለው።
ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት፦
«የጎደለ ገንዘብ ሌባ አለው፤ የተረፈስ ምን አለው?»
ዓሣ እየላጠች ነበር፣ ቀና አላለችም፦
«ቁጥርም እንደ ሰው ይሳሳታል፣ ቤኔዲታ፤
ወደ ደግ ሲሳሳት አትቆጪው።»

በኔትራቫቲ ድልድይ ላይ
አውቶቡሱ ጥሏት ሲያልፍ ስንት ቀን አይቻለሁ።
«እግር መንገድ ለጉልበት ጥሩ ነው» ትለኝ ነበር፣
ጉልበቷን እያሸች።
ቁጥር የማውቅ ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አልደመርኩም።

በጥር ቀበርናት። አላለቀስኩም፤
የአበባው ሒሳብ፣ የሣጥኑ ሒሳብ፣ የድንኳኑ ኪራይ በእጄ ነበር።
አናጢው ወንበሩን ሊጠግን ቢመጣ
ክሎቲልዳ በቁጣ መለሰችው።
አሁን እሷ ትቀመጥበታለች፣ በሰባ ስምንት ዓመቷ፣
በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ጨብጣ።

ትናንት ሌሊት ዓመቱን ዘጋሁ።
ገቢና ወጪ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትዛነፍ፣
ልክ መጡ።
መብራቱን አቅርቤ እንደገና ደመርኩ።
ልክ።
ከታች ወደ ላይ ደመርኩ።
ልክ።
እዚያው መዝገቡ ላይ ተደፍቼ፣
በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀለም አበላሸሁ።

እነሆ፣ እህቶቼ፣ ከፊታችሁ ነው፣ እዩት፤
ኦዲተሩ ከእንባው በታች ፈርሞበታል፦
«ተመርምሯል። ምንም ጉድለት አልተገኘም።»